የአንዲት ሣጥን ብዙ ልሳን

በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምናነበው ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ማስተማር ልምምድ፣ አልፎ አልፎም ስለ ናፍቆት የተገጠመ ግጥም ነው። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ግን ስለ አንዲት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ስሟ ኮንሰርቲና ይባላል። «ደግሞ ይቺ ምንድን ናት?» የሚል እንደማይጠፋ ስለማውቅ ከመልኳ ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ ላስታውስ።

አኮርዲዮንን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ደረት ላይ ታንግቶ፣ በአንድ ወገን ቁልፎቹ እየተነኩ፣ እየተለጠጠና እየታጠፈ የሚጫወቱት ነው። ኮንሰርቲና የእርሱ የቅርብ ዘመድ ናት፤ ነገር ግን ትንሽ ናት፤ ሁለት መዳፍ ይበቃታል። ብዙውን ጊዜ ባለ ስድስት ማዕዘን ናት። በሁለቱ ጫፎቿ ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ ፊት አላት፤ በመካከል ደግሞ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ የሚተነፍስ፣ እየታጠፈ የሚዘረጋ ሆድ አለ። በሁለቱም ፊቶች ላይ ትናንሽ ቁልፎች ተደርድረዋል። አንዱ ቁልፍ ሲጫኑት ከሥሩ ያለች ቀዳዳ ትከፈታለች፤ አየሩም በዚያ ሲያልፍ አንዲት ስስ የብረት ምላስ ያርገበግባል። የምንሰማው ድምፅ የዚያች ምላስ ድምፅ ነው። በአፍ የሚነፋው አርሞኒካም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ለአርሞኒካ ትንፋሹን የሚሰጠው የሰው ሳንባ ሲሆን ለኮንሰርቲና ደግሞ የሰው ክንድ ነው።

ከዚህች ሣጥን ጋር ያስተዋወቀኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የፊዚክስ ትምህርት ነው። የፊዚክስ ክፍል ተማሪዎች «የዊትስቶን ድልድይ» የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ታውቁታላችሁ። ሬዚስተሮቹ በአራት ጎን ይገናኙና መካከል ላይ ያለው ጋልቫኖሜትር ዜሮ ሲያነብ፣ ያልታወቀው ሬዚስታንስ ይሰላል። ለቤት ሥራ «ስለ ሰውዬው ሕይወት አጭር ማስታወሻ አዘጋጁ» ተባልንና በሞባይሌ ሳገላብጥ፣ ለካስ ቻርለስ ዊትስቶን (1802–1875) ከሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ቤተሰብ የወጣ ሰው ኖሯል! ድልድዩን በ1833 መጀመሪያ ያሳየው ሳሙኤል ሃንተር ክሪስቲ የሚባል ሌላ ሰው ሲሆን፣ ዊትስቶን በ1843 አዳብሮ ለዓለም አስተዋወቀው፤ ምስጋናውንም ለባለቤቱ አልነፈገም። በ1837 ከዊልያም ኩክ ጋር ሆኖ የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍን የፈጠራ መብት ያስመዘገበውም ይኸው ሰው ነው። ሙዚቃውን የጀመረው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። በ1829 ሲምፎኒየም የተባለ፣ በአፍ የሚነፋ ባለ ቁልፍ መሣሪያ አስመዘገበ። ቀጥሎም የሰውን አፍ በወናፍ ተክቶ ሲያሻሽለው ቆየና በ1844 በኮንሰርቲና ላይ የፈጠራ መብት አወጣ።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር፤ በተለይ የማስተማር ልምምድ ሲቃረብ ጉልበቱ ለሚብረከረክ ባልንጀራዬ። ዊትስቶን በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ነበር። ይሁን እንጂ በሰው ፊት መናገር እጅግ ስለሚያስፈራው፣ የምርምሩን ውጤት ታላቁ ማይክል ፋራዴይ በእርሱ ፈንታ ቆሞ ያስረዳለት ጊዜ ነበር። በአንደበቱ ያልሆነለት ሰው በእጁ የሠራት ሣጥን ግን ይኸው እስከ ዛሬ በየአገሩ ትናገራለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዊትስቶን ለንደን ላይ ሲደክም፣ በጀርመን አገር ኬምኒትዝ በምትባል ከተማ ካርል ፍሪድሪሽ ኡህሊግ የሚባል ሰው በ1834 የራሱን ኮንሰርቲና ሠራ። ሁለቱ መሣሪያዎች ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። በእንግሊዙ ኮንሰርቲና አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወናፉ ቢሳብም ቢገፋም የሚወጣው ድምፅ ያው አንድ ነው። በጀርመኑ ግን ያው አንዱ ቁልፍ ሲሳብ አንድ፣ ሲገፋ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። በእንግሊዙ ላይ ዜማው እንደ ውኃ ሊፈስ ይችላል። በጀርመኑ ላይ ግን ክንዱ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ስላለበት ዜማው እንደ እስክስታ ትከሻ ነጠቅ ነጠቅ ይላል። በኋላ የእንግሊዝ ሠሪዎች የጀርመኑን አሠራር ይዘው ቁልፍ እየጨመሩ ያወጡት ዓይነት «አንግሎ» ተባለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቁልፎች አሉት። የዊትስቶን ዓይነቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 48 ነው።

የዋጋውም ነገር አለ። የእንግሊዙ ውድ ስለነበር መጀመሪያ የገባው ሀብታሞች ሳሎን ውስጥ ነው። ጁሊዮ ሬጎንዲን የመሰሉ ጎበዞች በኮንሰርት አዳራሽ ተጫውተውበታል፤ በርንሃርድ ሞሊክም ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወቱት ኮንቼርቶ ደርሶለታል። የጀርመኑ ግን ርካሽ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ ከአገሩ የሚሰደደው ሰው ሁሉ ገዝቶ በጓዙ ውስጥ ሊከተው ቻለ። በዚህ ምክንያት የዓለምን ዳርቻ ይበልጥ ያዳረሰው ርካሹ ሆነ።

በማደሪያችን ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛ ጓደኛ አለኝ። ማሲንቆ ይሞክራል፤ ጆሮውም ደህና ነው። ማታ ማታ የኮንሰርቲና ቅጂ ከፍቼ ሳዳምጥ መጀመሪያ ላይ በጣም ይቆጣ ነበር። «አንተ፣ ይህን ጥሩምባህን አትዘጋም እንዴ? ሁሉም ያው አንድ ጩኸት ነው!» ይለኛል። አንድ ቀን «እሺ፣ ሦስት ዜማ ላሰማህና መሣሪያው ምን እንደሆነ ንገረኝ» አልኩት። የመጀመሪያው በእንግሊዙ ኮንሰርቲና የተጫወቱት ዝግ ያለ ዜማ ነበር። «ይህማ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነው» አለ። ሁለተኛው የአየርላንድ ጭፈራ ነበር። «ይህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ዋሽንት የመሰለ ነገር ይነፋል፣ ሌላው ይመታል» አለ። ሦስተኛው የዙሉ ዜማ ነበር። ትንሽ ዝም ብሎ አዳመጠና «ይቺን ተዋት፣ አትዝጋት። አርሞኒካ ናት? ሰውዬው እየሄደ ነው የሚጫወተው?» ሲል ጠየቀኝ። ሦስቱም ኮንሰርቲና መሆናቸውን ስነግረው አላመነኝም። ሥዕሉን ካላሳየኸኝ ብሎ ሞባይሉን ከእጄ ነጠቀኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ይህችን ሣጥን የወደድኳት በዚህ ምክንያት ነው። ምላሷ ያው ብረት ነው፤ ወናፏም ያው ወናፍ ነው። ነገር ግን የያዛት እጅ ሲለወጥ የምትናገረው ቋንቋ አብሮ ይለወጣል። እስቲ እኔ ባዳመጥኩት ቅደም ተከተል አገር በአገር ላዙራችሁ።

በእንግሊዝ አገር፣ ከኦክስፎርድ አጠገብ፣ ሄዲንግተን ኳሪ የሚባል መንደር አለ። በዚያ «ሞሪስ» የሚባል የቆየ ጭፈራ ነበር። ጨፋሪዎቹ እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ መሐረብ እያውለበለቡ ይዘላሉ። የጭፈራው ወቅት ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው። በ1899 ግን በገና ሰሞን ቅዝቃዜው በርትቶ የግንባታ ሥራ ቆመ፤ ሠራተኛው ያለ ገቢ ቀረ። ስለዚህ «ጊዜው ባይሆንም ወጥተን እንጨፍርና ጥቂት ሳንቲም እናግኝ» ብለው ዲሴምበር 26 ቀን በየቤቱ ይዞሩ ጀመር። ኮንሰርቲናውን የሚጫወትላቸው ዊልያም ኪምበር የሚባል የ27 ዓመት ግንበኛ ነበር። ከደረሱባቸው ቤቶች በአንዱ ሴሲል ሻርፕ የሚባል የሙዚቃ መምህር በእንግድነት ተቀምጦ ኖሮ በመስኮት አያቸው፤ ዜማውንም ሰማ። በማግስቱ ኪምበርን አስጠርቶ አጫወተውና ዜማዎቹን በኖታ ጻፋቸው። ሻርፕ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የእንግሊዝን የሕዝብ ዘፈንና ጭፈራ ከየመንደሩ በመሰብሰብ ስመ ጥር ሆነ። ኪምበርም እስከ 1961 ድረስ ስለኖረ የገዛ እጁ ጨዋታ ተቀድቶ ቀርቶልናል።

ያንን ቅጂ ሳዳምጥ የሚገርመኝ ነገር አለ። ኪምበር አይቸኩልም። ቀኝ እጁ ዜማውን ሲይዝ ግራ እጁ አጫጭር ድምፆችን ጣል ጣል ያደርጋል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ አንዲት ቅጽበት ይጠብቃል። ጨፋሪው ከዘለለበት እስኪወርድ የሚጠብቀው ይመስለኛል። አንድ ግንበኛ ጡቡን ሲያስቀምጥ መስመሩን ዓይቶ እንደሚለቅቀው ዓይነት ነው።

ከእንግሊዝ ባሕሩን ተሻግረን አየርላንድ ስንደርስ፣ በምዕራቡ ጠረፍ ክሌር የሚባል አውራጃ እናገኛለን። ርካሹ ኮንሰርቲና በ19ኛው መቶ ዓመት ወደዚያ ገጠር ገባ። በክሌር ይህች ሣጥን በተለይ የሴቶች ነበረች። ከእነርሱ መካከል ስሟ እስከ ዛሬ የሚጠራው ኤልሳቤጥ ክሮቲ (1885–1960) ናት። ኪልረሽ በምትባል ከተማ ከባሏ ጋር መጠጥ ቤት ነበራት። በ1950ዎቹ የአየርላንድ ራዲዮ ጋዜጠኞች መጥተው ጨዋታዋን ቀዱት፤ አገሩም ሁሉ ሰማት። አጨዋወቷ ጌጥ አይበዛበትም። ምቱ ግን የማይናወጥ ነው፤ ቡና እየወቀጠች የምታወጋ ባልቴት ድምፅ ይመስለኛል። ወጓም አያልቅ፣ ሙቀጫዋም አይቆም።

በዚያ ዘመን አኮርዲዮን በአየርላንድ እየገነነ ሲሄድ፣ ኮንሰርቲና በብዙ አካባቢ ተረስታ ነበር። ክሌር ግን አልጣላትም። በ1973 ሚልታውን ማልቤ በምትባል የክሌር ከተማ፣ ዊሊ ክላንሲ በሚባለው እውቅ የሙዚቃ ሰው ስም የበጋ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በየዓመቱ ጁላይ ላይ ተማሪውም አዋቂውም ከየአገሩ እየመጣ ከባለሙያዎች አጠገብ ተቀምጦ ይማራል። ትምህርቱ በአብዛኛው ከጆሮ ወደ ጆሮ ነው፤ መምህሩ ይጫወታል፣ ተማሪው ይደግማል። በ1958 የተወለደው የክሌር ልጅ ኖኤል ሂል በአየርላንድና በአሜሪካ ኮንሰርቲናን ሲያስተምር ኖሯል። ከአዲሶቹ መካከል ደግሞ ኮርማክ ቤግሊ የሚባለው አለ። ጎርናና ድምፅ ያላትን ባስ ኮንሰርቲና ሲጫወት ከዜማው ጋር የወናፉ ትንፋሽ ራሱ ይሰማል። እህ እህ እያለ ዳገት የሚወጣ በሬ አጠገባችሁ ያለ ይመስላችኋል። እኔ እርሱን ስሰማ ሁልጊዜ ቀና ብዬ እቀመጣለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ አህጉራችን ወደ አፍሪካ እንምጣ። በደቡብ አፍሪካ የዙሉ ወጣቶች ከገጠር ወደ ጆሃንስበርግ ማዕድንና ፋብሪካ ለሥራ ይሄዱ ነበር። እዚያም ኮንሰርቲናን ከሱቅ ገዝተው የራሳቸው አደረጓት። ሆኖም የቁልፎቹ ድምፅ አሰላለፍ ለፈረንጅ ዜማ የተዘጋጀ ስለሆነ ለዙሉ ዜማ አልገጥም አለ። ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሣጥኗን አስፈትተው ምላሶቹን ከቦታ ቦታ አስቀያየሩ። የራሳቸው ዜማ በጣታቸው ሥር እንዲውል አድርገው እንደገና አስዘጓት። ከውጭ ለሚያያት ያቺው የፋብሪካ ሣጥን ናት፤ ውስጧ ግን ሌላ ሆኗል። ብዙዎቹም በእግራቸው ረጅም መንገድ ሲጓዙ ይጫወቱባት ነበር። ጓደኛዬ «ሰውዬው እየሄደ ነው?» ያለው ለካስ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጆኒ ክሌግ (1953–2019) የሚባል በእንግሊዝ ተወልዶ በጆሃንስበርግ ያደገ ነጭ ወጣት ይህን ሙዚቃ ከዙሉ ሠራተኞች እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። በኋላ በዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ ያስተማረ ሲሆን፣ ስለ ዙሉዎች የኮንሰርቲናና የጊታር አጨዋወትም ጽፏል። ከሲፖ ምቹኑ ጋር ሆኖ ጁሉካ የተባለውን ባንድ መሠረተ፤ ስሙ በዙሉ ቋንቋ «ላብ» ማለት ነው። በአፓርታይድ ዘመን (1948–1994) ነጭና ጥቁር በአንድ መድረክ መታየታቸው ራሱ ችግር ስለነበር ፖሊስ ጨዋታቸውን ያቋረጠበት ጊዜ አለ። ከሁሉም የሚደንቀው ደግሞ ይህ ነው፤ በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ቦኤሮች የሚባሉት ነጭ ገበሬዎችም በሠርግና በበዓል የሚጨፍሩት በኮንሰርቲና ነበር። ሕጉ መኖሪያቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን፣ አውቶቡሳቸውን ለይቶ ነበር። ሣጥኗ ግን በሁለቱም ሰፈር ነበረች፤ በአንዱ ሰፈር ቫልስና ፖልካ፣ በሌላው የመንገደኛ ዜማ ታሰማለች። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትዬ ባዳመጥኩ ቁጥር ስለዚያ አገር ከታሪክ መጽሐፍ ካነበብኩት የበለጠ ይሰማኛል።

ኮንሰርቲና ታላቅ ወንድምም አላት። ሃይንሪሽ ባንድ የሚባል የክሬፌልድ ከተማ ጀርመናዊ በ1840ዎቹ ከጀርመኑ ኮንሰርቲና የዳበረ ትልቅ ባለ አራት ማዕዘን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ በስሙም ባንዶኔዮን ተባለ። ወደ አርጀንቲና ተሻግሮ የታንጎ ነፍስ ሆነ። አርጀንቲናውያን አኒባል ትሮይሎ የተባለው ታላቅ ተጫዋች የተወለደበትን ጁላይ 11 ቀን «የባንዶኔዮን ብሔራዊ ቀን» ብለው ያከብሩታል። አስቶር ፒያሶላም (1921–1992) ይህንኑ መሣሪያ ይዞ ታንጎን ከመጨፈሪያ ቤት ወደ ኮንሰርት አዳራሽ አስገባው። ባንዶኔዮን ጉልበት ላይ ተቀምጦ ሲለጠጥ የሚያወጣውን ድምፅ ምን ብዬ እንደምገልጸው ይቸግረኛል። ትዝታ የሚያዜም ሰው ከመዝፈኑ በፊት የሚስበውን ረጅም ትንፋሽ ታውቁታላችሁ? እርሱን ይመስላል።

በመጨረሻ ከስኮትላንድ አንድ ወጣት ልጥቀስ። ሞህሰን አሚኒ ይባላል፤ የኢራን ትውልድ ያለው የግላስጎ ልጅ ነው። በ2016 የስኮትላንድ ቢቢሲ ራዲዮ የወጣት ባህላዊ ሙዚቀኞች ሽልማትን ወሰደ፤ በ2018 ደግሞ በቢቢሲ ራዲዮ ሁለት የፎክ ሽልማት «የዓመቱ ሙዚቀኛ» ተባለ። አጨዋወቱ ፈጣን ነው፤ ጣቶቹን በዓይን መከተል ያዳግታል። የስኮትላንድን ባህላዊ ዜማ የአያቶቹ አገር ሌላ የሆነ ወጣት እንዲህ ሲያከብረው ማየት ደስ ያሰኛል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስተርክለት ቆይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጥሩ ነው፤ ግን ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ‹የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ› ነው። ማሲንቆና ክራር እያለን የፈረንጅ ሣጥን ማዳመጥ ምን ይባላል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቀልድም አይደለም። የብዙዎቻችሁም ጥያቄ ሊሆን ስለሚችል በአቅሜ ልመልስ።

አንደኛ፣ የእኛም እጆች ይህንኑ ሥራ ሠርተዋል። ኃይሉ መርጊያን ውሰዱ። በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋችነቱ የምናውቀው ኃይሉ፣ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በ1985 በዋሽንግተን አንድ ካሴት ሠራ፤ በዚያም የወጣትነቱን አኮርዲዮን መልሶ አነሣ። አኮርዲዮንም እንደ ኮንሰርቲና የብረት ምላስና ወናፍ ያለው የአውሮፓ መሣሪያ ነው። ከኃይሉ እጅ ሲወጣ ግን የሚናገረው አማርኛ ነው። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተደመጠ፤ እርሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። ስለዚህ «የፈረንጅ ሣጥን» ስንል ጥቂት ማሰብ ይኖርብናል። ዙሉዎቹ ምላሷን ከቀያየሩ በኋላ ሣጥኗ የማን ናት?

ሁለተኛ፣ ነገሩ ከሙያችን ጋር ይገናኛል፤ ለእኔ ዋናውም ይኸኛው ነው። እኛ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደየገጠሩ ልንመደብ ነው። ይዘነው የምንሄደው የትምህርት ዘዴ፣ የክፍል አደረጃጀት፣ የመመዘኛ ቅጽ ብዙው ሌላ ቦታ የተሠራ ሣጥን ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በደንብ የተሠራ ሣጥን ነው። ጥያቄው ከፊታችን የሚቀመጡት ልጆች ዜማ በቁልፎቹ ሥር ይገኛል ወይ የሚለው ነው። የማይገኝ ከሆነ ልጆቹን እንደ ሣጥኑ እናጣምማቸዋለን ወይስ ሣጥኑን ፈትተን ምላሶቹን እናስተካክላለን?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቦታውንና ሰዉን አልጠራም። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ዋሽንቱን ከደብተሩ ጋር በቦርሳው ይዞ ይመጣል። በእረፍት ሰዓት ከዛፉ ሥር ይነፋል፤ ልጆች ይከቡታል። የከብት መመለሻ ዜማ፣ የውኃ ማጠጫ ዜማ፣ የእሸት ዜማ ለይቶ ያውቃል። በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ግን ልጆቹ የሚዘፍኑት ከቴሌቪዥን የተማሩትን ነው። ልጁ አንድ ቀን ዋሽንቱን ሊያወጣ ሲል «ይህን የእረኛ እንጨት አስቀምጥ፤ እዚህ ትምህርት ቤት ነው» ተባለ። አስቀመጠው። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ እስክመለስ ድረስ ይዞት ሲመጣ አላየሁም። ቁጣም አልነበረም፣ ዱላም አልነበረም፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች።

እንግዲህ አስቡት። ያ እንግሊዛዊ የሙዚቃ መምህር በ1899 በመስኮት ሲመለከት ያየው ሥራ የፈቱ ግንበኞችን ነው። «እነዚህ ለማኞች ናቸው» ብሎ መጋረጃውን ቢዘጋው ማን ይፈርድበት ነበር? የኪልረሽዋን ሴት ለመቅዳት የመጡት የራዲዮ ሰዎችስ «ይህች የመጠጥ ቤት አሮጊት» ብለው ቢያልፏት? ዛሬ የማዳምጣቸው ዜማዎች እጄ የደረሱት አንድ ሰው በትክክለኛው ሰዓት ቆሞ ጆሮውን ስለሰጠ ነው። ከእነዚያ ጆሮዎች መካከል ደግሞ የመምህራን ጆሮዎች አሉበት።

ይህን ስል የሩቅ ታሪክ ብቻ እያወራሁ አይደለም። ሰባ ዓመት ያለፋት አክስት አለችኝ። ድሮ እህል ስትፈጭ የምታንጎራጉራቸው ዜማዎች ነበሯት፤ ሌሊት በተኛሁበት እሰማቸው ነበር። የሞተር ወፍጮ ሰፈራችን ከገባ ወዲህ መጁና ወፍጮው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እንጉርጉሮውም አብሯቸው ተቀምጧል። ከእርሷ ሌላ በሰፈሩ እነዚያን ዜማዎች ሙሉ አድርጎ የሚያውቅ የለም። አሁን በሴሚስተሩ እረፍት ስሄድ ሞባይሌን ይዤ አጠገቧ ልቀመጥ ቆርጫለሁ። «እትዬ፣ እስቲ ያችን የሌሊቷን» እላታለሁ። መጀመሪያ «ሂድ ወዲያ፣ ደግሞ ምን ሊያደርግልህ!» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እጠብቃታለሁ።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ሙሉ በሙሉ ተረትቷል ልላችሁ አልችልም። እስከ አሁን «ማሲንቆ ይበልጣል» ይላል። እኔም አልከራከረውም፤ ለእርሱ እጅ ማሲንቆ ይበልጥ ይሆናል። ነገር ግን አሁን ማታ ማታ «ያቺን የዙሉዋን ክፈታት» የሚለኝ እርሱ ነው። ሰሞኑን ደግሞ የዚያችን ዜማ አካሄድ በማሲንቆው ለመያዝ ሲታገል ሰማሁት። ጨርሶ አልመጣለትም፤ የመጣለት ሌላ ነገር ነው። ግን ያማረ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ሁለት ሐሳብ ላቅርብና ልጨርስ። የመጀመሪያው፣ ሞባይልና መረብ ያላችሁ ከላይ የጠራኋቸውን ተጫዋቾች ፈልጋችሁ አዳምጡ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሱ። ኪምበርን አንድ ቀን፣ ክሮቲን ሌላ ቀን፣ የዙሉዎቹን ጸጥታ ባለበት ሰዓት። ከተቻለም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የተጫዋቹ ክንድ ሲስብና ሲገፋ ለመለየት ሞክሩ።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዳችን ከምንመጣበት አካባቢ አንዲት ዜማ እንምረጥ፤ የሥራ፣ የእረኝነት፣ የልጅ ማባበያ፣ የፈለጋችሁትን። ማን እንደሚያዜማት፣ መቼ እንደምትዜም፣ ምን ሲሠሩ እንደምትባል በአንድ ገጽ ጽፈን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ። መምህራኖቻችንም የየበኩላቸውን ቢጨምሩ ደስታውን አንችለውም። የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ተሰብስቦ በእጃችን የሚገኘው ነገር በምንመደብበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የሙዚቃ ትምህርታችን ሊሆን ይችላል። እኔ የአክስቴን ከእረፍት መልስ እዚሁ ሰሌዳ ላይ አወጣለሁ። የእናንተን እጠብቃለሁ።